ዝምድና የለንም

ነፍታሊ፣

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔና አከራያችን ዶን ኤውሴቢዮ ወጥ ቤት ነበርን። በእኔ ስም ለኮሌጁ ጽፈህ፣ እንድፈርምበት ጠረጴዛው ላይ ትተህልኝ የሄድከውን ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ አነበበውና፣ «ወንድምህ መሆኑ ቀርቶ ተከራይህ ሆነ? በል ኪራይ ጨምርበት!» ብሎ ሳቀብኝ።

ደመወዝተኛ ወንድም እንዳለህ ካወቀ ኮሌጁ እርዳታህን እንደሚቀንስ ይገባኛል። የቀረህ አንድ መንፈቅ ነው፤ ያለ እርዳታው አትጨርሰውም። ግን ፊት ለፊት ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር?

«ዝምድና የለንም» ይበቃ ነበር። «በቅጡም አላውቀውም» የምትለዋን ማን ጨምር አለህ?

ማክሰኞ ጓደኞችህ ባሉበት ደም የነካውን የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ በመግባቴ ከሆነ፣ ይቅርታ።

ቦሎቄው ድስት ውስጥ አለ፤ ስታሞቀው ውኃ ጠብ አድርግበት።
የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ አጥብቀህ ዝጋ።
እሁድ እማማ ስትደውል አንተ አንሳ። እኔ የምላት የለኝም።

ሁለት ቦታ ፊደል ገድፈህ ስለነበር ደብዳቤውን አርሜ በእጄ ገለበጥኩት። ያቺንም ዓረፍተ ነገር አላስቀረሁም። የኮሌጁ ቢሮ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ፈርሜበት ወደ ሥጋ ፋብሪካው ሄጃለሁ።

ሩቤሊዮ