የመረቡ እርሳስ ከቤት ወጣ

ለእትዬ በለጥሽ፣

አባያ ሐይቅን በጣሳ ቀድቶ የመጨረስ ያህል ብዙ ሰላምታ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

በሲቀላ ዓሣ አስጋሪዎች መካከል እንደኔ የሚያነብ የለም። እሺ፣ በማታ ትምህርት ክፍላችን። እሺ፣ ከኋላው ወንበር ከምንቀመጠው። ይህን ደብዳቤ ግን ማንም ሳያግዘኝ ጻፍኩት።

ለመረቤ ማጥለቂያ አሮጌ እርሳስ የማቀልጠው እቤት ምድጃ ላይ፣ በሽሮ ድስት ነበር። ባለፈው ከሐይቅ ያወጣሁትን ሳላደርቅ ብጨምረው ተፈናጥሮ ጣራ ነካ! ባለቤቴ ሰሊሆም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ሳታይ ልትሞት ነው?" ብላ ጮኸችብኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ራሴ አነበብኩ፤ የእርሳስ ጭስና ብናኝ ለእርጉዝና ለሕፃን ጎጂ ነው ይላል። ሐኪሟ "ምነው ቀደም ብለህ ማንበብ በተማርክ!" ብላ ሳቀች። እርሳሱ ደሟ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ለማስመርመርም ከሰሊሆም ደም ወሰደች።

አሁን የማቀልጠው ከቤት ርቄ፣ ሜዳ ላይ ነው። እርሳሱን ፀሐይ ላይ በደንብ አደርቀዋለሁ። ስጨርስ እዚያው ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ እገባለሁ። ድስቱም ከሽሮ ተፋቷል። ሰሊሆም ዳገቱ ላይ፣ ሴቻ፣ እናቷ ጋ ናት፤ እዚያ ነፋሱ ጥሩ ነው። ጠዋት ማታ እየደወልኩ "ዛሬስ ተራገጠ?" እላታለሁ። "ካንተ ስልክ የሚሸሽ ነው የሚመስለው፣ አላረፈም!" ትለኛለች። ደስ ይለኛል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ እደውላለሁ።

የደሙ ውጤት ሐሙስ ነው።

ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ፤ በጤና ያገናኘን።

ወንድምሽ ደግነት

ሁሉም እውነት ነው። ሐኪሟ ሳቀች ያልኩት ብቻ ከራሴ ነው፤ አልሳቀችም።