ዱቄቱ ክኒን አይደለም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ዓይንሽስ አሁንም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ያስገባል? የባለቤትሽ የጋሼስ ሳል ለቀቃቸው? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እኔም ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

የተናደድኩት ባንቺ ነው። ልጅሽ ደውላ፣ እማዬ የስኳሯን ክኒን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ እልክልሻለሁ ያልካትን የሻይ ማጣፈጫ ዱቄት እየጠበቀች ነው ስትለኝ ጆሮዬ ጭው አለ። የግራ እግርሽ ጣቶች መደንዘዝ መጀመራቸውንም ከእሷ ሰማሁ። ዱቄቱ ስኳር ያወርዳል ያለሽ ማን ነው? እኔ እንደሆንኩ ከአፌ አልወጣም። ስለዚህ እስካሁን የደረስኩበትን በሙሉ ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ።

ነገሩ ሞንክ ፍሩት ይባላል፤ የመነኩሴ ፍሬ እንደማለት ነው። መነኩሴ እንዲህ ሲጣፍጥ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። እኔም ስኳር ስላለብኝ ኬቶ የሚሉትን አመጋገብ ከጀመርኩ ወዲህ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች አልነካም፤ እንቁላል፣ ዓሣና ጎመን ነው ምግቤ። ሻይ ግን ያለ ማጣፈጫ አልዋጥልህ ቢለኝ አንድ ፓኬት ገዛሁ። በባዶ ሆዴ ሻዩን ጠጥቼ ደሜን ብለካው ስኳሬ ሽቅብ ወጥቷል። ሌላ የቀመስኩት ነገር የለም። ታዲያ ሌባው በየት ገባ? በቀለም ፋብሪካችን የቀለም ሽፋን የምመረምርበትን ማጉያ መነጽር አምጥቼ የፓኬቱን ጀርባ አነበብኩ። ፊት ለፊት ያ ሁሉ የፍሬ ሥዕል ተለጥፎ፣ ከኋላ በጉንዳን ፊደል መጀመሪያ የተጻፈው ዴክስትሮስ ነው፤ ያው ስኳር! ፍሬው መጨረሻ ላይ ተወሽቋል። ደሜ ፈላ። ባለሱቁ፣ ጌታዬ እኔ ሻጭ እንጂ ቀማሚ አይደለሁም አለኝ። ታዲያ የምትሸጠውን አታነብም ወይ ብዬ ጮህኩበት። ሌላ ፓኬት ሰጥቶ ገላገለኝ።

ይህኛው የፍሬው ጭማቂ ደርቆ የተፈጨ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በቤታችን ልማድ ማንኪያውን ከምሬ ጨመርኩ። ባለቤቴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና፣ ሻይ ነው የሳል ሽሮፕ? አለችኝ። በማግስቱ ቁንጥር ያህል ይዤ ፋብሪካ ሄድኩና የቀለም ዱቄት በምንመዝንበት ሚዛን መዘንኩት። የቀለሙን ውፍረት በማይክሮን ስለምለካ ማይክሮን እያሉ የሚጠሩኝ የሥራ ባልደረቦቼ ከበው፣ ማይክሮን ዛሬ ምን ዓይነት ቀለም ሊያወጣልን ነው እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ለአንድ ሲኒ በጥፍር ጫፍ የሚያዝ እንደሚበቃ አረጋገጥኩ። ከዚያ ጠጥቼ ብለካ ስኳሬ ንቅንቅ አላለም። ደጋግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። እንደ ሕፃን ፈነደቅሁ። ባለቤቴም፣ ሻዩስ ጣፈጠ፣ የቀረኸው አንተ ነህ አለችኝ።

እንግዲህ ልብ በይ፤ አልጨመረም ማለት ቀነሰ ማለት አይደለም። ዱቄቱ ስኳርሽን አያወጣውም፤ የወጣውን ግን አያወርደውም። የእኔን መድኃኒት የቀነሰው በየጊዜው ደሜን እያየ ሐኪሙ ነው። ኬቶውንም ቢሆን በራስሽ ሥልጣን እንዳትጀምሪ፤ ከክኒኑ ጋር ተዳምሮ ስኳርሽን ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል። እኔ ሌላ እህት የለኝም፤ እግር አልባ እህትም አልፈልግም።

ፓኬቱን የላክሁት በልጅሽ ስም ነው። ሐኪም ዘንድ ሳትወስድሽ እንዳትከፍተው አዝዣታለሁ። ብትቆጪም ተቆጪ።

ለጋሼ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ። ልጅሽን ጎበዝ በያት፤ ነገር አመላላሽ እንዳትያት። ትንሹን ልጅሽን ሳሚልኝ። ባለቤቴም ሁላችሁንም በናፍቆት ትስማችኋለች።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሻዩን ከዋጥኩ በኋላ ምላሴ ሥር የሚቀር ጣዕም አለ፤ ማር አይደለ፣ ያረረ ስኳር አይደለ፣ ስም አጣሁለት። ባለቤቴ ምንም የለም ባይ ናት። ምላስሽ ከሁላችን የተሻለ ነውና ቀምሰሽ ጻፊልኝ። የማምነው ግን ክኒኑን የዋጠ አፍ የሚነግረኝን ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለው ቤታችን
እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን