እህታቸውን በውሃ ቀለም ሲፈልጉ የኖሩት እትዬ ጥራዝ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «እትዬ ጥራዝ» እያለ የሚጠራቸው እናት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። የተወለዱት ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ መስኮት አልነበራትም፤ ብርሃን የሚገባው ከሱቁ በኩል፣ በተሰቀሉት ልብሶች መሐል ተሹለክልኮ ነበር። አባታቸው የልብስ ልክ የሚያወጡበት ቡናማ ወረቀት ትራፊው ስለማያልቅ፣ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ በላዩ ላይ መሞነጫጨር ጀመሩ።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ታናሽ እህታቸው ተወለደች። ከማነሷ የተነሣ ሚጢጢ አሏት፤ ስሟም እሱው ሆኖ ቀረ። ሚጢጢ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ ነበረች። ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ፎቶ ቤት ሄዶ ሲነሣ እንኳ፣ ፎቶ አንሺው «እንዳትንቀሳቀሱ» ብሎ ሳይጨርስ ዞር አለች። በዚያ ፎቶ ላይ የሦስቱ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፤ የእሷ ፊት ግን እንደ ጭስ ተበትኖ ቀርቷል። ሌላ ፎቶ የላትም።

እትዬ ጥራዝ አሥራ ሦስት ዓመታቸው፣ ሚጢጢ ደግሞ ሰባት ዓመቷ እያለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባታቸው ለአንድ ካፖርት የሚሆን ስድስት ቁልፍ ገዝተው እንዲመጡ ሁለቱን ላኳቸው። ታላቂቱ ሥዕል እየሣሉ ነበርና መነሣት አልፈለጉም። «ሂጂ፣ መንገዱን ታውቂው የለ?» ብለው ታናሺቱን ብቻዋን ሰደዱ። ሚጢጢ እንደወጣች ቀረች።

ፖሊስ ተጠየቀ፤ ሆስፒታሉ፣ ገበያው፣ ወንዙ ዳር፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው ሁሉ ታሰሰ። ታላቂቱ ሲጠየቁ «ሳላያት ሾልካ ወጣች» አሉ። ይህችን ቃል አርባ ሁለት ዓመት ተሸከሟት።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በቤቱ ሌላ ነገር መጣ። አባት «ጉንጯ ስርጉድ ይል ነበር» ሲሉ፣ እናት «ኧረ ስርጉድ የለባትም!» ይላሉ። አንዱ ዓይኗን ትልቅ ያደርገዋል፤ ሌላው ያጠበዋል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ከመንገድ፣ ሁለተኛ ደግሞ ከቤተሰቧ ትዝታ ጠፋች።

እትዬ ጥራዝ አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርታቸውን አቋርጠው አባታቸውን አገዙ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ተቀጠሩ። ወረቀት በማጠፍ፣ በመስፋትና በማጣበቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠሩ። እጃቸው ፈጣን፣ አፋቸው ቁጥብ ነበር። በዚያው ቤት የማተሚያ ማሽን ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን በሃያ አራት ዓመታቸው አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ወደ ቀለም የገቡት አርባ አንድ ዓመት ሲሆናቸው፣ እናታቸው በሞቱ በሁለተኛው ወር ነው። የልጃቸውን የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም ለማጽዳት ሲያነሱ፣ ከብሩሹ የተንጠባጠበ ግራጫ ውሃ እርጥብ ወረቀት ላይ አረፈ። ውሃው ሲሰፋ ቆመው አዩት። ሲደርቅ ጠርዙ ላይ የአገጭ መስመር የመሰለ ነገር ቀረ። በማግሥቱ የራሳቸውን ቀለም ገዝተው መጡ።

ከዚያ ወዲያ ሙከራቸው ማብቂያ አልነበረውም። እርጥብ ቀለም ላይ ጨው ነስንሰው ሲያረግፉት የሚቀረውን ነጠብጣብ፣ በሻማ ያሹት ወረቀት ቀለሙን አልቀበል ሲል የሚወጣውን ነጭ መስመር እያዩ አጠኑ። ሠዓሊዎች ኮላጅ የሚሉትን ቁርጥራጭ እየለጠፉ የመሣል ዘዴ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ከጥራዝ ክፍሉ በሚጣል የሽፋን ጨርቅ፣ ክርና የተበላሸ ኅትመት ጀመሩት። የአባታቸውን የልጅ ቀሚስ ልክ ወረቀቶች በዱቄት ሙጫ እየለጠፉ በላዩ ቀለም ያፈሱበት ነበር። ያልወደዱትን የሚጢጢ ፊት በሌላ ወረቀት ይሸፍኑታል። ዝናብ በበዛበት ወቅት ግን ሙጫው ርሶ የተለጠፈው ይነሣል፤ የተሸፈነችው ልጅም በስንጥቁ በኩል በአንድ ዓይን ታያለች። ባለቤታቸው ቀልደኛ ሰው ናቸውና «ሴትዮ፣ ይኼ ቤት ሰው በዛበት» እያሉ ምሳ ሲቀርብ ሥዕሎቹን ወደ ግድግዳ ያዞሯቸዋል። እትዬ ጥራዝ መልሰው ያዞሯቸዋል። ቀልዱ ግን እየዋለ እያደረ ቀረ፤ ባለቤታቸው ራሳቸው ሳሎኑን ሲያቋርጡ ድምፅ ላለማሰማት በእግራቸው ጣት መራመድ ጀመሩ።

አምስት ዓመት ሙሉ የሰባት ዓመት ልጅ ሲሥሉ ቆይተው፣ አንድ ቀን ብሩሹን አስቀመጡና «እሷ እኮ አርባ ዓመቷ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚሥሏት ሴት በየዓመቱ ታረጅ ጀመር። ሽበት አወጡላት፤ ከዓይኗ ሥር ክር ለጥፈው መስመር አበጁላት። መንገድ ላይም ያቺን ሴት የመሰለችውን መከተል ለመዱ። አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ «ሚጢጢ!» ብለው ሲጣሩ አንዲት የማያውቋት ሴት ዞረች። ምን እንደሆነ ከሰማች በኋላ «እኔ አይደለሁም እናቴ፤ ግን ትንሽ አብሬዎት ልቁም» አለቻቸው። እጃቸውን ይዛ እንደቆመች ሁለት አውቶቡስ አለፋት።

በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ፣ የሥራ ጓደኞቻቸው በማተሚያ ቤቱ የምግብ አዳራሽ ሥዕሎቻቸውን ሰቅለው ጠበቋቸው። ዓይናቸው እጅግ የደከመውና ሰማንያ ዓመት የተጠጉት አባታቸውም በልጅ ልጃቸው ተመርተው መጡ። አንዱ ሥዕል ፊት ቆመው በጣታቸው ዳሰሱት። በቀለሙ ሥር የራሳቸው ልክ ወረቀት ጠርዝ ነበር።

«የእሷ ትከሻ ነው» አሉ።

እትዬ ጥራዝ እዚያው፣ ሰው በተሰበሰበበት ተናገሩ። «አባዬ፣ ሾልካ አልወጣችም። እኔ ነኝ ብቻዋን የላክኋት።»

«አውቃለሁ» አሉ አባታቸው፣ እጃቸውን ከሥዕሉ ሳያነሱ። «ቁልፍ ሻጩ የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል። ብቻዋን መጥታ፣ ስድስቱን ቆጥራ ተቀብላ ሄደች አለኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበል ልጄ? ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ልጣ?»

የልጅ ልጃቸው ወንበር አምጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አባታቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ጥራዝ ፊት አልሣሉም። በውሃ ቀለም ነጭ ማለት ያልተነካው ወረቀት ነው፤ ዙሪያውን ሰማዩን፣ ግድግዳውን፣ ቀሚሱን ሠርተው የፊቷን ቦታ ባዶ ይተዉታል። ለምን ሲባሉ «ስንት ዓመት እኔ ገምቼባታለሁ፤ አሁን የራሷን ይዛ ትምጣ» ይሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ብሩሽ ጨብጣ የምትታገል ሲያዩ «ውሃውን አትዘዢው፣ ለምኚው» ማለታቸውን ዛሬ እዚህ የቆሙት ተማሪዎቻቸው አይረሱትም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት በሆስፒታልና በቤት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው ዐረፉ። ከማረፋቸው አንድ ሳምንት በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታሰናዳ ሴት ልጃቸውን ሲያዝዙ «ሚጢጢን ከቀሪዎቹ ጋር ጻፊያት» አሏት። ልጃቸው ብታመነታ «ሞተች ያለሽ ማን ነው? ያየ ሰው አለ?» ብለው ተቆጧት።

ስለዚህ እትዬ ጥራዝ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው አልፈዋል። እህታቸው ዘንድሮ ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን የሰማች ወይም ያነበበች እንደሆነ፣ ቤቱ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ሦስተኛው በር መሆኑን ትወቅልን።

ለምናለቅስ ሁሉ ፈጣሪ መጽናናትን ይስጠን፤ የእናታችንንም ነፍስ ፍለጋ ከሌለበት ያሳርፍልን።