ጣራ አልቀጥልልህም

ይድረስ ለወንድምዓለም ለባንተአምላክ ገበየሁ፣ ጅዳ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሲሚንቶ ስትሸከም ይይዝሃል? ሙቀቱ ቀነስ አለ? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ከጓደኞችህ ጋር ያላችሁ ኑሮ እንዴት ነው? ቁጣህስ በረደልህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤት የሚያስቀራት አይደለም። አባታችን ገብሱን አጭደው ከምረው አሁን አውድማ በመለቅለቅ ላይ ናቸው። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም እንዳልልህ ዝናቡ ቶሎ ወጥቶ ማሽላው ሳይሞላ ቀርቷል።

ስልኬን ስለዘጋህብኝ በወረቀት መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የአጎታችን ልጅ ወንዳወቅ በአዲስ ኮንትራት ወደዚያው ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ ከአንድ ፎቶ ጋር በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ሳታነብ ብታስቀምጠው ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ እንዲያነብልህ ነግሬዋለሁ። የወንዳወቅን ድምፅ መቼም አልረሳኸውም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፣ ነገ እንዲህ አላልኩም እንዳትለኝ። እዚህ ሰቆጣ ዳር የጀመርከው ቤት ድንጋዩ እስከ መስኮት ደርሶ ቆሟል። ጣራ የለው፣ በር የለው። አንተ ግን ለአቶ ካሤ ቤቱ አልቋል ብለህ በስልክ ነግረሃቸዋል። ልጃቸውን የትናየትን ለመጠየቅ ሽማግሌ የሚሄድበት ቀን ሲቆረጥ እኔን ምን አልከኝ? ከሌላ ሰው ቤት ፎቶ ላይ ቀይ ቆርቆሮ ቆርጠሽ በግድግዳዬ ፎቶ ላይ ጫኚ፣ የብረት በርና የመስታወት መስኮት ግጠሚ፣ አባታችን ያንን ፎቶ ይዘው አቶ ካሤ ፊት ይቅረቡ አልከኝ። አይሆንም አልኩህ። አንተም፣ ለባዕድ ተከዜን ሰማይ ላይ ስታንጠለጥዪ የኖርሽ ሰው ለወንድምሽ ጊዜ ጻድቅ ሆንሽ ወይ፣ ሥራሽ ሁሉ ውሸት አይደለም እንዴ፣ ከእንግዲህ ወንድሜ እንዳትዪኝ ብለህ ስልኩን ጠረቀምክብኝ።

ወንድሜ እልሃለሁ። አንድ ማሕፀን ያወጣንን አንተ በስልክ አትሽረውም። ሥራዬን ውሸት ያልከውንም አልውጠውም።

አቶ ደግሰው ፎቶ ቤት ሥራ ስገባ ከደንበኛው ጀርባ የሚደረገው የዱባይ ፎቅና የት አገር እንደሆነ የማይታወቅ ፏፏቴ ነበር። እኔ ነኝ በራሳችን ምድር የተካሁት። በመስከረም የደሃናን ገብስ ፎቶ አነሳለሁ፤ አበርገሌ ስወርድ ተከዜን አነሳለሁ፤ እዚህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከተማውን የሚሸፍነውን ጉም። ከዚያ በኮምፒውተር አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ አስተኝቼ፣ የታችኛው እስኪታይ የላይኛውን አሳሳለሁ፣ ጠርዙን አለሰልሳለሁ፣ የሁሉም ጥላ ወደ አንድ ወገን መውደቁን አያለሁ። ወንዙ ከተራራው በላይ ይሄዳል፣ ፍየሎቹ ጉም ውስጥ ይግጣሉ። አቶ ደግሰው መጀመሪያ ሲያዩ ሰው ረግጦት የመጣውን ኮረት ለማየት ማን ይከፍላል ብለው ሳቁብኝ።

አንድ ቀን ወለተሥላሴ የሚባሉ እናት ከአበርገሌ መጡ። ልጃቸው ደሃና ተድራ ወልዳለች፤ እሳቸው ዳገቱን የሚወጡበት አቅም የላቸውም። የእኔንና የልጄን ደጅ ፊት ለፊት አድርጊልኝ አሉኝ። የእሳቸውን ቤት የወንድማቸው ልጅ በስልክ አንስቶ ሰጠኝ፤ የልጅቱን ደግሞ ደሃና ወላጆቻችንን ልጠይቅ ስሄድ መንገዴ ነውና ጎራ ብዬ አነሳሁት። ሁለቱን ደጆች አፋጠጥኳቸው። በመሀል ተከዜ ቁርጭምጭሚት በማያርስ ውሃ ያልፋል፣ የቆላው ፍየሎች በደጋው ገብስ መሀል ቆመው ይጠጣሉ። ሴትዮዋ ፎቶውን ከፊታቸው አርቀውም አቅርበውም አዩት። «እንዲህ እንደማይሆን አውቃለሁ» አሉኝ፤ «ሳስበው ግን ልክ እንዲህ ነው።» ለልጃቸውም አንድ አሳጥበው ላኩላት። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ዱባይን ትቶ የእኔን ሥራ ይጠይቃል፤ አቶ ደግሰውም ሐሳቡ የእሳቸው እንደሆነ ለሰው ያወራሉ።

አየህ፣ ተከዜን ሰማይ ላይ ሳፈሰው ጀሪካን ይዞ ሊቀዳ የሚወጣ ሰው የለም። የሚያየው ሁሉ ምኞት መሆኑን ያውቃል። ያንተን ጣራ ግን አምና፣ ጓዟን ይዛ፣ ከሥሩ ልትገባ የምትመጣ ሰው አለች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሊገባህ ካልፈለገ ልቤን አታድርቀው።

እኔ እምቢ ስል ደግሞ እዚያው ጅዳ በማላውቀው ሰው አሠርተህ ለታናሻችን ለሸጌ የላክህላትን ፎቶ አየሁት። ብናደድም መሳቄን አልደብቅህም። ከቆርቆሮው ጀርባ የአረብ ቴምር ራሱን ብቅ አድርጓል። የግድግዳው ጥላ ወደ ግራ፣ የጣራው ጥላ ወደ ቀኝ፤ በሰቆጣ ሁለት ፀሐይ ወጥቶብናል። አቶ ካሤስ ለገበያ ሰቆጣ የማይወርዱ መሰለህ?

አዎ፣ ለአባታችን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሸጌን አትጠርጥራት። ስልኩን ከፍቼ፣ ይሄ ቤት የለም፣ ያለው ግድግዳው ብቻ ነው አልኳቸው። «ይህን ይዤ ካሤ ፊት ልቀመጥ ኖሯል?» አሉኝ። የሚካኤልን ጽዋ አብረው የሚጠጡትን ሰው፣ ልጁን ሲቀብር ከጎኑ የቆሙትን ሰው ነበር ሊያታልሉልህ የነበረው፣ ያውም ሳያውቁት። እናታችን በኽምጥኛ አንድ ነገር ተናገረችህ፤ በአማርኛ አልጽፈውም፣ ራስህ ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሆነን ስናጠፋ የምትለው ነው። ፊቷን አዙራም አለቀሰች።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ሄዱ። አባታችን ምንም ሳይዙ ገቡ፤ ቤቱ ጣራ የለውም፣ ድንጋዩ እስከ መስኮት ነው፣ አልቋል ያለው ልጄ ዓመሉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው ብለው ቆመው ተናገሩ። አቶ ካሤም፣ እኔ የምለውን ልጅቷ ከወሰነች በኋላ እላለሁ አሉና ሽማግሌውን ሸኙ። አባታችን ሲመለሱ ጎንበስ ብለው ይመጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀና ብለው ነው የመጡት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በገበያ ቀን የትናየት ከአክስቷ ጋር ፎቶ ቤት መጣች። ሰርካለም የምትባዪው አንቺ ነሽ ወይ አለችኝና ግድግዳውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ወሰድኳት። ድንጋዩን በመዳፏ እየነካች ዞረችው። በሩ በሚሆንበት ገብታ፣ በሚቀጥለው ክፍል ወጥታ፣ መስኮቱ ጠቧል፣ ወደ ደሃና የሚያይ ሌላ መስኮት ያስፈልገዋል አለች። አክስቷ አፏን አጣመመች፤ እሷ አላየቻትም። ውስጡ አረም በቅሏል ብዬ ባፍርልህ «የሚበቅልበት ከሆነማ ጥሩ መሬት ነው» አለችኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ አንሺኝ አለች። ካነሳኋት በኋላም፣ ለሰው የምትሠሪውን ለእኔም ሥሪልኝ፣ ግድግዳውን ግን እንዳትነኪው ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እነሆ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ግድግዳው ያው ያንተው ነው፤ አንድ ድንጋይ አልጨመርኩበትም። በውስጡ በአረሙ ፋንታ የአባታችን የመስከረም ገብስ ቆሟል። ጣራ በሚሆንበት ላይ ተከዜ ያልፋል፣ ከበላዩ ጉሙ። የትናየት በሩ ላይ ናት። ከጎኗ ባዶ ቦታ ታያለህ፤ ተሳስቼ አይደለም። አቶ ደግሰው የወንድምሽን ፎቶ እዚያ ቀጥይበት እንጂ፣ ጉርድ ፎቶ የለሽም ወይ ብለው ወተወቱኝ። እምቢ አልኳቸው። ላንተም እምቢ እልሃለሁ፤ ጣራም አልቀጥልልህም፣ አንተንም አልቀጥልህም። መጥተህ በእግርህ ቁምበት፣ ያን ጊዜ አነሳሃለሁ። እስከ መስኮት ያደረስከው በላብህ ነው፤ እሱ የሚያሳፍር መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እኔ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር የወንድሜ ነው እያልኩ ለሰው አሳያለሁ።

እናታችን የሺመቤት ምግብህን እንዳትዘልል፣ ወገብህንም በጨርቅ እንድታስር ትልሃለች፤ አኩርፋሃለች፣ ግን ሳትጸልይልህ አታድርም። አባታችን ደህና ነህ ወይ ብለውሃል፤ ከዚያ የበለጠ ከአፋቸው አልወጣም፣ የዚህን ፎቶ ቅጂ ግን በትራሳቸው ሥር አይቼዋለሁ። ሸጌ ፈተናዋን አልፋለች፣ ጉንጩን ስሜዋለሁ ትላለች። እኔም እስኪበርድልህ እጠብቃለሁ፤ ባይበርድልህም እህትህ ነኝ። የትናየትን ደግሞ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት «በሩ ላይ ቆሜ እያየኝ አይደለም? ሌላ ምን ልበለው?» አለችኝ።

እህትህ ሰርካለም ገበየሁ
ሰቆጣ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.