ማን ቀድሞ ይነሳ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ 2014

ዛሬም አልተነሳም። አዲሱን አለቃችንን፣ ሚስተር ሞሪን ነው የምለው። የመውጫ ሰዓታችን በፈረንጅ አምስት ሰዓት ነው። ካረን አምስት ሳይሞላ ኮምፒውተሯን ዘግታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «ነገ እንገናኝ» ብላ ውልቅ አለች። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ሥራዬን ጨርሻለሁ። የታዘዙት የማሽን መለዋወጫዎች መጫናቸውን አረጋግጫለሁ፣ ኢሜይሎቹን መልሻለሁ፣ የነገውንም ነካክቼዋለሁ። እሱ ግን በመስታወት ክፍሉ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አለቃ ቁጭ ብሎ እኔ ምን ብዬ ልነሳ?

ሰመር ላይ ከኦሳካ ወደ አሜሪካ መጥቶ የእንግልውዱን ቢሮ ከተረከበ ጀምሮ እንዲህ ነን። የቀድሞው አለቃችን አሜሪካዊ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ከእኛ ቀድሞ ነበር የሚጠፋው። ጃፓኖች አለቃ ሳይወጣ አይወጡም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም ትልቅ ሰው ሳይነሳ ከማዕድ አትነሺ ተብዬ ነው ያደግሁት። ማንም ሳያዝዘኝ ጃፓን ሆንኩ ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሰፈራችን ግሪን ቫሊ ራንች ስደርስ ጨልሟል። አባባ ሶፋው ላይ ናቸው። የባለቤቴ የሰለሞን አባት ናቸው፣ አምና ነው ከደሴ ያመጣናቸው። ሰለሞን የኤርፖርት ሹትል ስለሚነዳ ከሰዓት በኋላ ይወጣል፤ እኔ እስክገባ ብቻቸውን ናቸው። ምድጃው ላይ የተውኩላቸው ድስት አልተነካም።

«አልበሉም እንዴ?»

«አልራበኝም ነበር።»

አብረን በላን። አልራበኝም ላለ ሰው ደህና አድርገው ነው የበሉት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ሥራ የያዝኩ ለመምሰል ዛሬ የሠራኋቸው፦ የመሳቢያዬን ክሊፖች በመጠን በመጠን ለየሁ። የአምና ኢሜይል አጠፋሁ። የካረንን ተክል ውሃ አጠጣሁ። ፕላስቲክ መሆኑን ያወቅሁት ውሃው ጠረጴዛዋ ላይ ሲፈስ ነው፤ ስንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ። በሶፍት ጠረግሁት።

ሞሪ ቡና ሊቀዳ ወጣ። አየኝና ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ተመልሶ ገባ። ትጋቴን አየልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ራሴን ታዘብኩት።

ሰለሞን ደወለ።

«ሥራ በዝቶ ነው?»

«አይ፣ አልቋል።»

«ታዲያ?»

«አልተነሳማ።»

«መሥሪያ ቤቱ አንቺን ሃየር ያደረገሽ ለሥራ ነው ወይስ ለአጀብ?» አለኝ። ሳቅሁ። ግን አልተነሳሁም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ካረንን ጠየቅኋት። በሰዓትሽ ስትወጪ ተናግሮሽ ያውቃል? አያውቅም። አትፈሪም? «ምኑን?» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ትናንት ጠዋት ስለ እኔ ጠይቋት እንደነበር ነገረችኝ። አስቴር ሥራ በዝቶባታል ወይ አለኝ፣ አለች።

ሴትዮዋ ቀርፋፋ ናት፣ በሰዓቷ መጨረስ አትችልም ብሏል ማለት ነው። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ቢሮ! ስለዚህ ዛሬ ጭራሽ ቀና ሳልል ኪቦርዱን ስደበድብ አመሸሁ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ቤት ስገባ አባባ ቀዝቀዝ ብለዋል። እንጀራውን ሲቆርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ብርዱ ነው» አሉ። ቤቱ ሞቃት ነው። ስኳር አለባቸው፤ ከእራት በፊት ኢንሱሊናቸውን ይወጋሉ።

«መርፌዎን ወጉ?»

«በሰዓቱ።»

«ከወጉ በኋላ ቶሎ መብላት አለብዎት እኮ።»

«ቁራሽ ቢጤ ቀማምሻለሁ፣ ልጄ።»

መሶቡን አየሁት። ጠዋት እንደከደንኩት ነው። ደክሞኝ ስለነበር ዝም አልኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ሥራ አልገባሁም።

ትናንት ስገባ አባባ ሶፋው ላይ ተጋድመዋል። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ብጠራቸው በሟች ባለቤታቸው ስም ጠሩኝ። 911 ደወልኩ። የስልኳ ሴትዮ መዋጥ ይችላሉ ወይ፣ ጣፋጭ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የብርቱካን ጁስ አፋቸው ላይ ያዝኩላቸው፤ ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው ጣታቸውን ወግተው ለኩ። ስኳሩ በጣም ወርዷል። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጧቸው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ።

ዓይናቸውን ገልጠው ነፍሳቸውን ሲያውቁ መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ለነዚህ ሰዎች ወንበር ስጪያቸው እንጂ» ነው።

ኦሮራ ሆስፒታል አደሩ። ጠዋት ነርሷ፣ መርፌውን ወግተው ለምን አልበሉም ብላ በእኔ አስተርጓሚነት ጠየቀች። አባባ ኮርኒሱን አዩ። መልሱን የሰጡኝ መኪና ውስጥ ነው።

«አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ እኔ ምን ቤት ነኝና ቀድሜ እቆርሳለሁ? ደግሞስ የምራቴ ጓዳ ገብቼ ድስት ልከፍት ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚጠብቁኝ?»

«እንደመጣሁማ ቶሎ ትገቢ ነበር። አሁን ነው የራቀብኝ።»

ተናደድኩ። በእሳቸው፣ በሞሪ፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ። እኔ አለቃዬን እጠብቃለሁ፣ እሳቸው መርፌ ተወግተው እኔን ይጠብቃሉ፤ ማናችንም ቃል አንተነፍስም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኛ ቤት ዝምታ ነቅዞ ሰው ሊገድል ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ከወጉ ይበላሉ፣ ኖርኩም አልኖርኩም» አልኳቸው፤ እንደዚህ ተናግሬያቸው አላውቅም። «እሺ» አሉ። እሺታቸውን አውቀዋለሁ። ወሬ መዝጊያ ናት።

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

ሰለሞን ትናንትም ዛሬም ከአባቱ አጠገብ አልተነሳም። ወደ ጠዋት ሺፍት እንዲያዞሩት ጠይቋል፣ ተራ ጠብቅ ብለውታል። «አንቺስ ለአለቃሽ መቼ ነው የምትነግሪው?» አለኝ። ነገ አልኩ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በመስታወት ተለማመድኩ። «ሚስተር ሞሪ፣ ከእንግዲህ በሰዓቴ እወጣለሁ።» አጭር ነበረች። ፊትና ኋላዋ ላይ «ሶሪ» ስጨምር ስጨምር ደብዳቤ አከለች። ሞሪ እኮ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

አምስት ሰዓት ሆነ። ካረን ወጣች። እኔ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ ተቀመጥኩ! መቀመጫዬ ላይ የሰፉኝ መሰለኝ። ከዚያ አባባ አሁን መርፌውን ሊይዙ ነው የሚለው ሐሳብ መጣብኝ፤ ተነስቼ በሩን አንኳኳሁ።

ስገባ ሞሪ ብድግ አለ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝና የአባባን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። አንተ ሳትወጣ መውጣት ነውር መስሎኝ ነው አልኩ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ የራሱን ነገረኝ።

ለካ እሱም እኔን ሲጠብቅ ኖሯል። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፣ ቢሮውንም ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ። እንደኔ ያለ ሰው እየሠራ፣ አዲስ መጤው ጃኬቱን ለብሶ ቢወጣ ንቀት መሰለው። ካረንን የጠየቃት ሥራ ሊያቀልልኝ ፈልጎ ነው። ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠራ ታመሻለህ ብለው፣ «ብዙ ጊዜ የአየር ትንበያ አነባለሁ» አለ። ኦሳካ ትንሽ ልጅ አለችው። የእኛ መውጫ ሰዓት ለእሷ ጠዋት ነው፤ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ከቤቱ ሊደውልላት ቃል ገብቶ ነበር የመጣው። እኔ ስቀመጥ እሱ ሲቀመጥ፣ ልጅቷ ሳትሰማው ትሄዳለች። ይህን ሲነግረኝ ምንጣፉን ነው የሚያየው። እኔም ምንጣፉን አየሁ።

አብረን ልንወጣ ተነሳን። አሳንሰሩ ተከፈተ፤ «አንቺ ቅደሚ» «አይ፣ አንተ ቅደም» ስንባባል ተዘጋና ሄደ። እዚያ ጋ ነው ሁለታችንም የሳቅነው።

ቤት ስደርስ አባባ ገና አልወጉም ነበር። አብረን በላን።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

በሰዓቴ ተነሳሁ። ሞሪ ቀና ብሎ እጁን አነሳልኝ፣ በሌላው እጁ ኮቱን እየሳበ ነበር። እንዲህ ቀላል ነበር?

225 አውራ ጎዳና ላይ ስገባ አክሲደንት። መኪናው ሁሉ ቆሟል። የአባባ መርፌ ሰዓት ደረሰ። ቤት ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። እሺ ያሉባት ድምፅ ትዝ አለችኝ። ሰለሞን ጋ ደወልኩ፤ ተሳፋሪ ጭኗል። ጎረቤት ልጠራ ስል መንገዱ ተንቀሳቀሰ። መኪናዬን እንዴት ፓርክ እንዳደረግሁ አላውቅም፣ በሯን ሳልዘጋ ነው ቤት የገባሁት።

አባባ ጓዳ ውስጥ ቆመዋል። ምድጃው ላይ ወጥ ተንጠባጥቧል፣ የድስቱ ክዳን ተገልብጦ ተቀምጧል፣ ሳህናቸው ባዶ ነው። ስልኩን አልሰሙም፤ ቧንቧ ከፍተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሲያዩኝ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው አንገታቸውን ደፉ።

«ቀደምኩሽ፣ ልጄ» አሉ።

«ደግ አደረጉ» አልኳቸው። ፊቴን ወደ ፍሪጁ አዞርኩ።

የተረፈውን አወጣሁና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ፊት ለፊቴ ሆነው ያዩኛል። እዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ እራት ብቻዬን ስበላ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ነገም ይቅደሙኝ።