ይቅርታ ለጠየቀ ሽፋን የለም

ለተከበሩ አቶ ደመቀ ፈንታ
የዋንዛ መድን አክሲዮን ማኅበር የጎንደር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ይህች ግልጽ ደብዳቤ በቢሮዎ ለስላሳ ወንበር ላይም ይሁን በአዲስ አበባ ስብሰባ ላይ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። ጤናዎን የምመኘው ስለማከብርዎ ብቻ አይደለም፤ «የሕክምና ወጪ» በሚለው ገጻችሁ ላይ ምን እንደተጻፈ ዘግይቼም ቢሆን ስላነበብኩ፣ በዚያ ገጽ ተማምኖ ማንም ሰው አልጋ እንዳይዝ ስለምሰጋም ጭምር ነው። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም በድርጅቱ በር ላይ የተሣለችው ትልቋ የዋንዛ ዛፍ ከነጥላዋ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ በላቸው ይትባረክ ይባላል፤ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ የእናንተን ውል ሳላነብ ፈርሜአለሁ። ይህን ጥፋቴን በአደባባይ አምናለሁ። ጥፋትን ማመን በእናንተ ዘንድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ በታች ስለማስረዳ፣ ይህችንም ከወዲሁ በመዝገቤ ላይ አስፍሩልኝ። ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫዬ። ከሦስት ዓመት በፊት ያቺን አሮጌ መኪናዬን መድን ላስገባ ስመጣ፣ ሠራተኛችሁ ወይዘሪት ጸሎት የሚያምር በራሪ ወረቀት ዘርግታ ሦስት ዓይነት ሽፋን አሳይታኛለች፤ አንደኛው ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን፣ ሁለተኛው በዚያ ላይ እሳትና ስርቆት የሚጨመርበት፣ ሦስተኛው «ሙሉ» የሚባለው። ሙሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ሙሉ ማለት ሙሉ ነው» አለችኝ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ያስጠኗትን ነው የነገረችኝ። ባለቤቴ ዓይናለም፣ በሆስፒታል ነርስ ስለሆነች ሰው ሳያነብ የሚፈርመውን ስታይ የኖረች ናት፤ «የጀርባውን ሳታይ እንዳትፈርም» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበረና ዛፏን ስላመንኳት ፈረምኩ። አሁን ሳነበው ውሉ አርባ አንድ ገጽ ነው፤ ፊደሉ ከጤፍ ያንሳል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የምትሸፍኑት ሁለት ገጽ ተኩል ሲሆን፣ የማትሸፍኑት አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። ገንዘብ ስትቀበሉ በአማርኛ፣ ስትከለክሉ በእንግሊዝኛ የምትናገሩ ባለ ሁለት ልሳን በመሆናችሁ እንደ መምህር ሳላደንቃችሁ አላልፍም።

ሁለተኛ፤ ስለ አደጋው። ባለፈው ጥር በአንድ የገበያ ቀን፣ ትክል ድንጋይ ከተማ የታመመች አክስቴን ጠይቄ ስመለስ፣ ከፊቴ የነበረ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ሲያንባርቀው የአንድ ገበሬ አህያ ደንብራ አስፋልቱ ላይ ገባች። ባለቤቷ አያ ሰውአገኝ ገመዷን አልለቅም ብለው ተከትለዋት ገቡ፤ ፍሬኑን ብረግጥም መኪናዬ እግራቸውን መታቻቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጥንድ በሬና በዚያችው አህያ የሚኖሩ ሰው ናቸው። አጥንታቸው ቆዳቸውን በስቶ ወጥቶ ነበር። ከኋላ ወንበር አስተኝቼ ወደ ሆስፒታል ስበር፣ እያቃሰቱ የጠየቁኝ ስለ እግራቸው አልነበረም፤ «አህያዋን ማን ያዛት?» ነው ያሉኝ።

የላካችሁት የአደጋ መርማሪ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ መኪናዋ ፖሊስ ለክቶ ሳይጨርስ ከቦታዋ መነሳቷ የውሉን አንቀጽ 11 እንደሚጥስ፣ ሌላ መኪና ለምኜ ተጎጂውን መላክ እችል እንደነበር በጨዋ ቋንቋ አስረድቶኛል። በዚያ ሰዓት የሚለመን መኪና ባለመኖሩ፣ እኔም ሽማግሌ ደሙ እየፈሰሰ ሜትር የሚጠብቅ ልብ ስላልተሰጠኝ ይቅርታ ጠየቅኩ። እናንተም በሆደ ሰፊነታችሁ ይህን ጥሰት «ለዚህ ጊዜ» አልፋችሁልኛል። ለካ ያለፋችሁት የተሻለ ሰበብ ስላገኛችሁ ኖሯል!

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና። በእኛ ዘንድ ሰው የጎዳ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስልክ አይጠብቅም። አያ ሰውአገኝ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ሲገቡ፣ የአጥቢያውን ቄስ መምሬ ወልደኢየሱስንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ስለ አህያዋ መደንበር ላነሳ ስል መምሬ፣ «የቆመ የተኛን ይለምናል፤ ማን አጠፋ የሚባለው ኋላ ነው» ብለው አፌን አስያዙኝ። ከደጃፉ ድንጋይ አንስቼ፣ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁና «አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» አልኩ። አያ ሰውአገኝ ከመደብ ላይ ሆነው፣ «ምነው እንዲህ ትጎብጣለህ አንተ ሰው! አውርደው እንጂ። የወሰድከው እግር ነው፣ ነፍስ አይደል። አህያዪቱም የኔው ናት፣ እሷም አጥፍታለች። እኔ ይቅር ብያለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበልህ» አሉኝ። እኔም እግራቸው እስኪቆም ድረስ ሕክምናቸው በእኔ እንደሆነ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባሁ። የቀበሌው ትምህርት ቤት መምህር ሁሉንም በወረቀት አሰፈረው፤ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፤ አያ ሰውአገኝም በጣታቸው አተሙ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም በራሴ እስቃለሁ። ያንን የዕርቅ ወረቀት፣ መቶ ከመቶ ያገኘ ተማሪ ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሮጥ፣ በገዛ እጄ ለእናንተ አመጣሁት! ጠብ የለም፣ ክርክር የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፤ ነገሩን አቅልዬላቸዋለሁ ብዬ ነበር። ጸሐፊዎ በፈገግታ ተቀብላ «ደርሷል» የሚል ማኅተም መታችበት።

አራተኛ፤ ስለ መልሳችሁ። የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ችሎታል፤ የክፍያው ጣሪያም እዚያው ሞላ። አጥንቱ ተጣሞ ስለገጠመ ተከፍቶ ብረት ይገባበት ሲባል ግን፣ ያ ሙሉ ማለት ሙሉ የተባለው የእኔ ምርጫ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት ደረሰ። በዚያው ሳምንት የእናንተ ደብዳቤ መጣ፤ በአንቀጽ 14 መሠረት መድን ገቢው የድርጅቱን የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ ጥፋተኝነቱን ማመንም ሆነ ካሳ ለመክፈል ቃል መግባት ስለማይችል፣ ያለኝ ሽፋን ቀሪ መሆኑን በታላቅ አክብሮት ገለጻችሁልኝ። ማስረጃችሁም ያው የእኔው የዕርቅ ወረቀት ነበር።

አንቀጹ ለምን እንደተጻፈ አይገባኝም አልልም። ከተጎጂ ጋር ተመሳጥሮ የሚበላችሁ አይጠፋም፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን አይደለሁም። ነገር ግን ጎንደር ላይ ቢሮ ከፍቶ፣ ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ ሳይልክ በማያድር አገር መሀል ተቀምጦ፣ «አደጋ ቢደርስ ሽማግሌ ከመላክዎ በፊት ይደውሉልን» የምትል አንዲት መስመር በበራሪ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጅ ነበር? እዚያ ቦታ ላይ የሚስቅ ቤተሰብ ፎቶ አድርጋችሁበታል። ሽማግሌ የላከ ሰው ሁሉ ሽፋኑ እንደሚቀር እያወቁ ሙሉ ብሎ መሸጥ፣ በገበያችን ላይ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ደብቆ ከመሸጥ በምን እንደሚለይ እርስዎ ይንገሩኝ።

አምስተኛውን ለመጻፍ እጄ ፈቃደኛ አልሆነም ነበር። ቢሮዎ ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «መፍትሔ አለው» ብለውኝ አንድ ቅጽ ከመሳቢያ ሲያወጡልኝ ያስታውሳሉ። በቅጹ ላይ፣ በዕርቁ ዕለት የተናገርኩትን የተናገርኩት በሽማግሌዎቹና በአካባቢው ሕዝብ ተገድጄ፣ ለሕይወቴም ሰግቼ መሆኑ ተጽፏል። የሚቀረው የእኔ ስምና ፊርማ ብቻ ነበር። ያንን ከፈረምኩ መዝገቡ እንደገና ይከፈታል፣ ብረቱም ይገባል ተባልኩ። አቶ ደመቀ፣ ቅጹ የታተመ ነበር። ባዶ ቦታው የስም ብቻ ነበር። ለስንት ሰው እንደተባዛ፣ ስንት መምሬዎች በስንት መሳቢያ ውስጥ ወንበዴ ተብለው እንደተቀመጡ እርስዎ ያውቃሉ። ብዙ ነገር ታዝቤ አልፌአለሁ፤ ይህን ግን ተጸየፍኩት። ወረቀቱን ከያዝኩ በኋላ እጄን ታጥቤአለሁ።

ቢሆንም ጻድቅ መስዬ አልቀርብም፤ ቅጹን ይዤው ወደ ቤት ገብቻለሁ። ሁለት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አሳድሬዋለሁ፤ ብዕርም አንስቻለሁ። በአንድ በኩል የሰው እግር አለ፣ በሌላ በኩል የሰው ስም አለ። በሦስተኛው ቀን ትክል ድንጋይ ሄጄ ለራሳቸው ለአያ ሰውአገኝ ነገርኳቸው። ባለቤታቸው እማማ አልማዝ «ይፈርም እንጂ፣ ወረቀት አይደለም ወይ» አሉ፤ አልፈረድኩባቸውም። አያ ሰውአገኝ ግን፣ «ሸጋ አርገህ ነገርከኝ። እግሬን በውሸት አታቅናልኝ። ዛሬ መምሬን አስገደዱኝ ብትል፣ ነገ የኔ ልጅ ሰው ቢመታ ማን ሽማግሌ ይሄድለታል?» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ብዕሩን የማነሳበት ምክንያት አልቀረኝም።

ስለሆነም መኪናዋን ለአንድ የአይከል ነጋዴ ሸጬ፣ ብረቱ ባለፈው ሳምንት ገብቷል። አያ ሰውአገኝ በእግራቸው ይቁሙ አይቁሙ ሐኪሙ ከመስከረም በፊት አልናገርም ብሏል። ዘንድሮ ማሳቸውን የሚያርሱት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የእኔም ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው፤ ለጤናቸው ጥሩ ነው ብዬ አስተምራቸዋለሁ፤ አያምኑኝም።

መኪና የሌለው ሰው መድን ስለማያስፈልገው ውሌን እንድትሰርዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አስቀድሜ የከፈልኩትን የቀሪዎቹን ወራት አረቦን አትመልሱልኝ፤ ለዚያች ለአንዷ መስመር ማተሚያ ይሁንልኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ በጥላችሁ ሥር ቆሜ ፀሐይ የመታኝ፣ ለድርጅቱ ዕድገትና ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን የምመኝ፣ በገዛ አንደበቴ ጥፋተኛ የሆንኩ፣

ታዛዥዎ
መምህር በላቸው ይትባረክ
ጎንደር፣ ግንቦት

ማስታወሻ፦ መኪናዋን ከመሸጤ በፊት ያንን ቅጽ ሳልፈርም ልመልስልዎ በመጣሁበት ቀን፣ ክቡርነትዎ በኋላ ማርሽ ከድርጅቱ ግቢ ሲወጡ የኋላ መብራቴን ሰብረዋል። ወዲያውኑ ወርደው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ «ይቅርታ መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሠራዋለሁ» አሉኝ፤ የጥበቃ ሠራተኛው አበቡና ወይዘሪት ጸሎትም ሰምተዋል። እናትዎ በደንብ እንዳሳደጉዎት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ እኔም እዚያው ይቅር ብያለሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ስለ እርስዎ ስጋት ገባኝ። መኪናዎ በዋንዛ መድን የተሸፈነች ከሆነች፣ ጥፋትዎን ሲያምኑና አሠራለሁ ብለው ቃል ሲገቡ የድርጅቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይዘው ነበር ወይ? በግርግሩ ኪሴ ውስጥ የቀረው ባዶ ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ እኔና አበቡ አስገድደንዎት እንደሆነ ስምዎን ሞልተው ይፈርሙበት። አልፈርምም ካሉ ደግሞ፣ ያ የተሸከምኩት ድንጋይ እስከ ዛሬ አያ ሰውአገኝ ደጃፍ ላይ አለ፤ መንገዱን ያውቁታል። ሲያዩት ያስፈራል እንጂ፣ ካነሱት አይከብድም።