አንድ ያርድ ለመሄድ ኳሱን ወደ ሰማይ ላስወረወሩት አሰልጣኝ

ለክቡር አሰልጣኝ አምደሚካኤል፣
የ«ጎሾች» የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ፣ ለጉሮሮዎ፣ በተለይም የጨዋታ ሥዕል ለሚሥሉባት ነጭ ሰሌዳ ደኅንነት ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ሜዳ ዳር ዝናብ ሲወርድብኝ ከያዘኝ ጉንፋን በቀር ደኅና ነኝ። ልጅ ሳሉ «አንተ» እያልሁ እጠራዎት ነበር፤ ከቅዳሜ ወዲህ ግን እንዲህ ካለ ጥበብ ጋር በ«አንተ» መነጋገር ድፍረት መስሎ ስለታየኝ አንቱ ብያለሁ።

ደብዳቤዬን በማኅበራችን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ስደውልልዎ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። እኔንም ያስተማረኝ የለም፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በቴሌቪዥን እያየሁ ብቻዬን ነው የተማርሁት። አንድ ቡድን ኳሱን ይዞ ዐሥር ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። አንድ ያርድ የአንድ ጎልማሳ እርምጃ ነው። ቅዳሜ ከታርኔት ሰፈር ቡድን ጋር ስንጫወት በአራት ነጥብ ተመርተን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻው መስመር አፍ ላይ ደርሰን፣ አራተኛው ሙከራና አንድ ያርድ ብቻ ቀርቶን ነበር። ያችን መስመር ኳሱን ይዞ የሚሻገር አንድ ሰው ቢገኝ ስድስት ነጥብ አግኝተን እናሸንፋለን። እርስዎ ግን ኳሱን ወደ ሜዳው ማዕዘን በአየር አስወረወሩት፤ የታርኔት ተጫዋች ቀለበው፤ ተሸነፍን። ስለዚህም ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዝናብ ነበር። ኳሱ ከእጅ እንደ ሳሙና ይሙለጨለጭ ነበር። ሆኖም ወርዋሪውም ቀላቢውም ቀኑን ሙሉ ሲስቱት እያዩ ተስፋ ያልቆረጡ ሰው ስለሆኑ፣ ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የልጅ ልጄ እዮብ። ኳስ ተሸክሞ መሐል ለመሐል መጣስ የእሱ ሥራ ነው፤ እርስዎ ራስዎ መርጠው የሰጡት ቦታ ነው። በዚያች ሙከራ ግን ኳስ የያዘ መስሎ ባዶ እጁን እንዲሮጥ አዘዙት። ታዘዘ። ሦስት የታርኔት ልጆች ተንጠለጠሉበት፤ ሦስቱንም ተሸክሞ መስመሩን ተሻገረ። ክቡርነትዎ፣ እዮብ አንድ ያርዷን ሄዷታል! የጎደለው ኳሱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። ከጨዋታው በኋላ ምክንያቱን ስጠይቅዎ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ጋሼ ወንድማገኘሁ፣ ልጁ እኮ ፍልሰታ ይዟል፤ ሽሮ የበላ ሰው ምን ይጥሳል?» አሉኝ። እነሱም ሳቁ። ሰኞ ልምምድ ላይ ደግሞ እዮብን ለብቻው ጠርተው፣ ከወተት የተሠራውን የጉልበት ዱቄት ካልጠጣ የሚመጣውን ቅዳሜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ነገሩት። ስለ ሰውነት ግንባታ በኮሌጅ መማርዎን አልክድም። ነገር ግን እዮብ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ሙሉ ሺፍት ጭነት ሲያነሣ በሚውልበት ቦታ፣ ሱፐርቫይዘሩ እንኳ ሳጥን ከማሸከሙ በፊት ምሳህ ምን ነበር ብሎት አያውቅም። እርስዎ ግን አብረውን ያስቀደሱ የደብራችን ልጅ ነዎት፤ ጾም ምን እንደሆነ አላውቅም ማለት አይችሉም።

መፍትሔው ሰሌዳ አይፈልግም። ፊት ያሉት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ይግጠሙ፤ ከባላጋራቸው ዝቅ ብለው ይነሡ፤ እዮብ ኳሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ በመካከላቸው ይግባ፤ የቀሩት ከኋላ ይግፉት። አያምርም፤ ፎቶ አይነሡበትም። ግን አንድ ያርድ ይሄዳል።

በዚህ አገር ውድድር በደረጃ ከላይ ላሉ ቡድኖች አንዴ ቢሸነፉም ሁለተኛ ዕድል ስለሚሰጥ፣ በቡድናችን ብርታት ያገኘነውን ያን ዕድል የሚመጣው ቅዳሜ እንጠቀምበታለን፤ ከዚያ በኋላ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው። ጾሙም በዚያን ቀን ገና አያልቅም። እዮብ ዱቄቱን አይጠጣም፤ አትጠጣ ያልሁት እኔ አይደለሁም፣ ጠይቄውም አላውቅም። ማልያውን አጥቦ አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦታል። እንዲለብሰው ይሁን እንዲመልሰው የሚወስኑት ክቡርነትዎ ነዎት። እኔም ለማንኛውም ሜዳው ዳር በተለመደው ቦታዬ እቆማለሁ፤ ወንበር ለማምጣት እንዳይቸገሩ፣ ቁጭ ብዬ ማየት አልወድም።

ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ላይ ማየትን ላስተማሩን አሰልጣኝ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ከብሬብሩክ ሰፈር እጅ የምነሣው፣
ወንድማገኘሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ መኪናዎ ጭቃ ውስጥ ገብታ ጎማዋ ሲሽከረከር፣ እርስዎ ውስጥ ሆነው መሪ ስለያዙ ማን ገፍቶ እንዳወጣዎት አላዩም ይሆናል። አንዱ እዮብ ነበር። ሁለተኛዋ እናትዎ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ናቸው፤ እሳቸውም ጾመኛ ናቸው። «እዮብዬ፣ ዝቅ በል! በትከሻህ! አሁን አንድ ላይ!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መኪናዋ ከአንድ ያርድ በላይ ሄደች። ለሚመጣው ቅዳሜ ምክር ካስፈለገዎ፣ አድራሻቸው አይጠፋዎትም።